ቻርጅ የሚደረግ የባትሪ ድንጋይና ቻርጀር ስትገዙ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሪሞት፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የልጆች መጫወቻ፣ የእጅ ባትሪ፣ ገመድ አልባ ማውስ፣ የደም ግፊት መለኪያ። ቤት ውስጥ ድንጋይ የሚበላው ዕቃ ብዙ ነው። በየጊዜው ከመግዛት ቻርጅ የሚደረገውን ገዝቶ መገላገል ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ ያለው ምርጫው ላይ ነው። አንዱ ድንጋይ 2000 ይላል፣ ሌላው 2700፣ ከጎኑ ያለው ደግሞ ያለ ሐፍረት 3600 ብሎ ይጽፋል። ቻርጀሩም እንደዚያው ነው። በመልክ አንድ የሚመስሉ ሁለት ቻርጀሮች በዋጋ እጥፍ ድርብ ይለያያሉ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ብዙ ሰው ገንዘቡን ድንጋዩ ላይ ይጨርስና ቻርጀር ላይ ሲደርስ ያገኘውን ያነሳል። እኔ የምለው ተገላቢጦሹን ነው። ድንጋዩ መካከለኛ ቁጥር ያለው ይሁን፣ ቻርጀሩ ላይ ግን አትቀልዱ።

ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ለሁሉም ዕቃ ያዋጣል?

አያዋጣም። ዋጋውን የሚመልሰው ድንጋይ ቶሎ ቶሎ የሚጨርስ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ነው። የመጫወቻ መኪና፣ የጌም ጆይስቲክ፣ የካሜራ ፍላሽ፣ በየምሽቱ የሚበራ የእጅ ባትሪ፣ ገመድ አልባ ማይክሮፎን። እነዚህ ላይ ሳታስቡት ወጪያችሁን ታገኙታላችሁ።

የግድግዳ ሰዓትና የቴሌቪዥን ሪሞት ግን የሚስቡት በጣም ትንሽ ነው። ተራ አልካላይን ድንጋይ እዚያ ውስጥ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ቻርጅ የሚደረገውን እዚያ ብታስገቡት በዕድሜው ሙሉ ስንት ጊዜ ቻርጅ ልታደርጉት ነው? አንድ «ግን» አለ። አልካላይን ተረስቶ ሲቆይ ይፈሳል፤ የነካውንም ይበላል። ስለዚህ ውድ ዕቃ ከሆነ ለፍሳሹ ስትሉ ብቻ ቻርጅ የሚደረገውን ብታስገቡበት አልቃወምም።

የጭስ ማስጠንቀቂያና የዲጂታል በር ቁልፍ ላይ ደግሞ የአምራቹን መመሪያ አንብቡ። ብዙዎቹ አልካላይን ወይም የማይሞላ ሊቲየም ብቻ ይላሉ። ምክንያት አላቸው፤ ወደታች እመጣበታለሁ።

ስንት ዓይነት አለ? የትኛውን ልያዝ?

ገበያ ላይ የምታገኙት ሦስት ነው።

ኒኬል ካድሚየም አሮጌው ነው። ካድሚየም መርዛማ ብረት ስለሆነ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ከጥቂት የተለዩ ዕቃዎች በቀር ተንቀሳቃሽ ባትሪ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሏል። ዛሬ ለቤት ዕቃ ብላችሁ አዲስ የምትገዙበት ምክንያት የለም።

ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የዛሬው ዋና ምርጫ ነው። በዚህ ገጽ ላይ ዝም ብዬ «ድንጋይ» ስል እሱን ማለቴ ነው።

ሦስተኛው በውስጡ ሊቲየም-አዮን ያለው፣ በውጭ 1.5 ቮልት የሚሰጠው ነው። ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ ገመድ ጎኑ ላይ ይሰካበታል። ጥሩም መጥፎም ጎን ስላለው ለብቻው ጥያቄ አለው።

ምን እንደያዛችሁ ለማወቅ ካርቶኑን ትታችሁ ድንጋዩን ራሱን አንብቡ። በትንንሽ ላቲን ፊደል የተጻፈ መለያ አለው። ደብል ኤ ላይ ኤችአር6 ካለ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። ኬአር6 ካለ ኒኬል ካድሚየም ነው። ኤልአር6 ካለ አልካላይን ነው፤ ቻርጅ አይደረግም። ትሪፕል ኤ ላይ ፊደሎቹ ያው ሆነው ቁጥሩ 03 ይሆናል። ይህቺን መለያ ማንበብ የለመደ ሰው በሚያብረቀርቅ ካርቶን አይሸወድም።

1.2 ቮልት ነው የሚለው። ዕቃዬ ደግሞ 1.5 ይላል። አይደክምም?

አብዛኛው ጊዜ አይደክምም። 1.5 የሚባለው አልካላይን 1.5 ቮልት የሚሰጠው አዲስ እያለ ብቻ ነው። ሥራ ከጀመረ በኋላ ቀስ እያለ ይወርዳል። ወደ ማለቂያው ሲደርስ 0.9 ቮልት አካባቢ ነው። ስለዚህ በአግባቡ የተሠራ ዕቃ ከ1.2 በታችም እንዲሠራ ታስቦ ነው የሚሠራው። አለዚያ አልካላይኑን ግማሽ ሳያደርስ ይጥለው ነበር።

ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ አወራረዱ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜውን 1.2 ላይ ተረጋግቶ ይቆያል። ሊያልቅ ሲል ነው ድንገት የሚወድቀው። ብዙ ኃይል በአንዴ የሚፈልግ ዕቃ ላይ ደግሞ ከአልካላይን ይበልጣል። የካሜራ ፍላሽ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ በአልካላይን ቀጣዩን ብልጭታ ስትጠብቁ ትቆያላችሁ፣ በዚህኛው ቶሎ ዝግጁ ይሆናል። የውስጥ ተቃውሞው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ሲወጣ ውስጡ የሚገታው ነገር፣ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው።

የሚያስቸግር ዕቃ የለም አልልም። አንዳንድ አሮጌ መጫወቻና አንዳንድ የሚለካ መሣሪያ ገና ከቻርጀር የወጣውን ድንጋይ «ሎው ባትሪ» ብሎ ያሳያል። ጠቋሚው የተስተካከለው ለአልካላይን ስለሆነ ነው። እየሠራ ከሆነ ጠቋሚውን ችላ በሉት።

ቁጥሩ ትልቅ የሆነው አይሻልም?

ሁሉም የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚሁ ላይ ነው።

ቁጥሩ የሚናገረው ድንጋዩ የሚይዘውን መጠን ነው። መለኪያው ሚሊአምፒር-ሰዓት ይባላል። 2000 የሚል ድንጋይ 200 ሚሊአምፒር የሚበላ ዕቃን አሥር ሰዓት ያህል ያሠራል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ትልቅ ቁጥር ጥሩ ይመስላል።

ነገር ግን የድንጋዩ ቆርቆሮ መጠኑ አይለወጥም። ደብል ኤ ወርዱ ከ14.5 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ ከ50.5 ሚሊሜትር መብለጥ አይችልም። እዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ተጨማሪ ዕቃ ለመጠቅጠቅ ከሌላ ነገር መቀነስ የግድ ነው። የሚቀነሰው ደግሞ ዕድሜው ነው። የፓናሶኒክን ኢኔሉፕ እንውሰድ። 2000 ገደማ የሚይዘውን መደበኛውን ኩባንያው እስከ 2100 ጊዜ ቻርጅ ይደረጋል ይላል። 2500 የሚይዘውን «ፕሮ» የሚባለውን ደግሞ እስከ 500 ጊዜ ብቻ። ኩባንያው ራሱ ነው የሚለው፤ እኔ አይደለሁም። ከላብራቶሪ ውጭ ሁለቱም ቁጥሮች ዝቅ ይላሉ፣ ልዩነቱ ግን ልዩነት ነው። ሩብ ያህል ተጨማሪ ለመያዝ ሲባል ከሦስት አራተኛ የሚበልጠው ዕድሜ ይሄዳል።

ሌላም አለ። ትልልቅ ቁጥር ያላቸው ቁጭ ብለውም ቶሎ ይወርዳሉ። አንዳንዶቹ ትንሽ ወፈር ስለሚሉ ጠባብ የእጅ ባትሪ ውስጥ ይጣበቃሉ። አንዴ ከተጣበቀ ማውጣቱ ጣጣ ነው።

ስለዚህ ለደብል ኤ ከ1900 እስከ 2100፣ ለትሪፕል ኤ ከ750 እስከ 800 የሚሉትን ያዙ። 2500ው የሚያስፈልገው በአንድ ሙሌት ረጅም ሰዓት መሥራት ግዴታ ለሆነበት ሰው ነው። ለምሳሌ የሠርግ ፎቶ አንሺ።

3000 እና ከዚያ በላይ የሚል የኒኬል ደብል ኤ ካያችሁስ? አስቀምጣችሁ ሂዱ። እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ከ2700 ብዙ የሚዘል የለም። በእጃችሁ መዝኑትም። ጤነኛ ደብል ኤ 26 ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል። 3600 ብሎ 18 ግራም የሚመዝን ከሆነ ውስጡ ያለው አየር ነው።

«ቻርጅ ሆኖ የመጣ» የሚለው ጽሑፍ ምን ይነግረኛል?

በጣም ጠቃሚ ነገር ይነግራችኋል። የድሮው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ዝም ብሎ ተቀምጦም ያልቅ ነበር። ሞልታችሁት መሳቢያ ውስጥ ብትተዉት በወር ውስጥ ከያዘው ሩቡን ያህል ያጣል። መብራት ሲጠፋ ይጠቅመኛል ያላችሁት የእጅ ባትሪ በጭንቅ ሰዓት የሚከዳችሁ ለዚህ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓኑ ሳንዮ ኢኔሉፕን ይዞ ሲመጣ ይህ ተለወጠ። ቁጭ ብሎ ቶሎ የማይወርድ ድንጋይ ነበር። ሳንዮ በኋላ በፓናሶኒክ ተጠቀለለ፤ ሌሎች አምራቾችም ተመሳሳዩን መሥራት ጀመሩ። ኩባንያው ለመደበኛው ኢኔሉፕ ከአሥር ዓመት በኋላ 70 በመቶው ይቀራል ይላል።

ፋብሪካ ውስጥ ተሞልቶ ሱቅ ድረስ መምጣት የሚችለው እንደዚህ ዓይነቱ ብቻ ነው። ስለዚህ «ቻርጅ ሆኖ የመጣ» ወይም «ለመጠቀም ዝግጁ» የሚል ካነበባችሁ አዲሱን ዓይነት ይዛችኋል። «ከመጠቀምዎ በፊት ቻርጅ ያድርጉ» የሚል ከሆነ አሮጌውን ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ተጠራጠሩ።

በዩኤስቢ የሚሞሉት 1.5 ቮልት ሊቲየሞችስ?

ሐሳቡ ብልህ ነው። ውስጡ 3.7 ቮልት የሆነ ሊቲየም-አዮን ሴል አለ። ከላዩ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ተቀምጣ ያንን ወደ 1.5 ታወርደዋለች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 1.5 ቮልት ይሰጣል። በ1.2 ቮልት የሚያኮርፍ ዕቃ ካላችሁ መድኃኒቱ ይህ ነው። ቀላልም ነው።

ጉዳቱን ልዘርዝር። መጀመሪያ፣ ሲያልቅ ሳይናገር ነው የሚጠፋው። ዕቃው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ «ፉል» ያሳያል፣ ከዚያ ድርግም። የበር ቁልፍና የጭስ ማስጠንቀቂያ ላይ የአምራቹን መመሪያ አንብቡ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ማስጠንቀቂያ የሚሰጡት የቮልቱን መውረድ አይተው ነው። ሁለተኛ፣ ያቺ ሰሌዳ የሬዲዮ ጫጫታ ታወጣለች። ሬዲዮ ውስጥ ስታስገቡት ጩኸት ከሰማችሁ ጣቢያው ላይ አትፍረዱ። ሦስተኛ፣ ብዙዎቹ እንደ ካሜራ ፍላሽ በአንዴ ብዙ የሚስብ ዕቃን አይችሉም። አራተኛ፣ በኒኬል ቻርጀር ፈጽሞ አይሞሉም። አደጋ አለው። አብሯቸው የመጣውን ቻርጀር ወይም የራሳቸውን ገመድ ብቻ ተጠቀሙ።

ቁጥራቸውም ያታልላል። ብዙ ጊዜ የሚጻፍባቸው በሚሊዋት-ሰዓት ነው፤ ሚሊአምፒር-ሰዓቱ በቮልቱ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ማለት ነው። 3000 ሚሊዋት-ሰዓት ለ1.5 ሲካፈል 2000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው፣ በቃ። 2000 የሚለው የኒኬል ድንጋይ በዚያው መለኪያ 2400 ይሆናል። ልዩነት አለ፤ ግን 3000ን ከ2000 ጋር በቀጥታ አስተያይታችሁ እንደምታስቡት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አትሳቱ። 14500 የሚባል በመጠን ደብል ኤ የሚያክል ሊቲየም አለ። እሱ ሰሌዳ የለውም፤ 3.7 ቮልቱን እንዳለ ነው የሚለቀው። ለ1.5 የተሠራ ዕቃ ውስጥ ከገባ ዕቃው ሊቃጠል ይችላል። ልካቸው ገጠመ ማለት ይሠራሉ ማለት አይደለም።

ጥሩ ቻርጀርን በምን እለየዋለሁ?

ድንጋዩ ሲሞላ አውቆ በማቆሙ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ርካሹ ቻርጀር ድንጋዩን አያየውም። መብራቱ ይበራል፣ ኤሌክትሪክ ይገፋል፣ እስክትነቅሉት ድረስ። ካርቶኑ ላይ «12–16 ሰዓት» ይልና ቆጠራውን ለእናንተ ይተዋል። ትንሽ ሻል ያለው ሰዓት ይቆጥርና ይዘጋል። እሱም ቢሆን ድንጋዩ ባዶ ይሁን ግማሽ አያውቅም። ግማሽ ያለውን ስትሰኩበት ከሞላ በኋላም ሰዓቱ እስኪደርስ ይጭንበታል፤ ባልዲው ሞልቶ እየፈሰሰ ቧንቧውን አለመዝጋት ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ የሚፈሰው ውኃ ሳይሆን ሙቀት መሆኑ ነው። ድንጋይን ቶሎ የሚያስረጀው ደግሞ ሙቀት ነው።

ጥሩው ቻርጀር የድንጋዩን ቮልት ይከታተላል። ድንጋይ እየሞላ ሲሄድ ቮልቱ ይወጣል። ሲሞላ ግን ጫፉ ላይ ደርሶ ጥቂት ሚሊቮልት ዝቅ ይላል። ያቺን ትንሽ ውድቀት አይቶ ያቆማል። ብዙዎቹ የሙቀት መለኪያም አላቸው፤ ውድቀቷ ብታመልጣቸው ሙቀቱ ሲጨምር ይዘጋሉ። ከሁሉም ኋላ መጠባበቂያ ሰዓት አለ።

ሁለተኛው መለያ ክፍሎቹ ለየብቻ መሥራታቸው ነው። አንዳንዱ አራት ማስገቢያ አለው፣ ግን ሁለት ሁለት አድርጎ ነው የሚሞላው። እንዴት ታውቃላችሁ? አራት ማስገቢያ ኖሮት ሁለት መብራት ብቻ ካለው፣ ወይም «በጥንድ አስገቡ» ካለ ያ ነው። ጥንድ ሆነው የገቡት አንዱ ቀድሞ ሲሞላ ሌላው ገና ነው። ወይ አንዱ ያልፍበታል፣ ወይ አንዱ ይጎድልበታል። አንድ ወይም ሦስት ድንጋይ የሚወስድ ዕቃ ያለው ሰውማ ጭራሽ ይቸገራል። ለእያንዳንዱ ማስገቢያ የራሱ መብራት ወይም የራሱ ቁጥር ያለውን ፈልጉ።

ሦስተኛው ፍጥነቱ ነው። ቻርጀሩን ገልብጡትና ከታች የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። «መውጫ» በሚለው መስመር ላይ 1.2 ቮልት፣ ከዚያ የሆነ ሚሊአምፒር ተጽፏል። ለደብል ኤ ከ500 እስከ 1000፣ ለትሪፕል ኤ ከ300 እስከ 500 ጥሩ ነው። በጣም ዝግተኛ መሆኑም ችግር አለው። ቻርጁ ሲደክም ያቺ ጫፍ ላይ የምትታየው የቮልት ውድቀት በጣም ስለምታንስ ቻርጀሩ ላያያት ይችላል።

ስክሪንና ብዙ ቁልፍ የግድ አይደለም። ቢኖረው ግን አልጠላም፣ በተለይ የድንጋዩን አቅም ለክቶ የሚነግር ከሆነ። ድንጋዩን ሞልቶ፣ አውርዶ፣ እንደገና ይሞላና የያዘውን መጠን በቁጥር ይጽፋል። አራት ድንጋይ ከትታችሁ ስታዩ አንዱ 1910፣ አንዱ 1880፣ አንዱ 1895፣ አንዱ 1150 ብሎ ይመጣል። የእጅ ባትሪያችሁን ሲያስቸግር የከረመው ማን እንደሆነ ያኔ ታያላችሁ።

በስንት ሰዓት ይሞላል?

የድንጋዩን ቁጥር ለቻርጀሩ ሚሊአምፒር አካፍሉ። መንገድ ላይ ለሚባክነው አንድ አምስተኛ ጨምሩ። 2000 በ500 አራት ሰዓት ነው፤ ሲጨመርበት አምስት ሰዓት ገደማ።

ፈጣን ቻርጀር ድንጋይ ይገድላል?

በ15 ወይም በ30 ደቂቃ የሚሞሉት ድንጋዩን በጣም ያግላሉ፣ ዕድሜውንም ያሳጥራሉ። ከአንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት የሚወስደው ግን አውቆ የሚያቆም እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም። ሊሞላ ሲል ለብ ማለቱ ጤነኛ ነው። በእጃችሁ ይዛችሁ መቆየት እስኪያቅታችሁ ከጋለ ግን ወይ ቻርጀሩ ወይ ድንጋዩ ችግር አለበት፤ ንቀሉት።

አዲሱንና አሮጌውን ቀላቅዬ ባስገባስ?

አታድርጉት። ምን እንደሚፈጠር በቅርብ እንየው።

ሦስት ድንጋይ የሚወስድ የእጅ ባትሪ አላችሁ እንበል። ሁለቱ አዲስ ናቸው፣ 2000 ይይዛሉ። ሦስተኛው አርጅቶ 1200 ብቻ ነው የሚይዘው። ሦስቱ የተያያዙት በተከታታይ ስለሆነ በአንዱ ያለፈው ኤሌክትሪክ በሁሉም ያልፋል። 1200ው ሲያልቅ ደካማው ባዶ ነው፤ ሁለቱ ግን ገና 800 ይቀራቸዋል። መብራቱ ደብዘዝ ይላል እንጂ አይጠፋም። እናንተም አታጠፉትም። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ጤነኞች ኤሌክትሪኩን በባዶው ውስጥ እየገፉ ያሳልፋሉ። የባዶው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይገለበጣል። አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነ ድንጋይ ይጎዳል፣ ሲደጋገም ይሞታል፣ አንዳንዴም ይፈሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አብረው የተገዙ አብረው ይኑሩ። በማይለቅ ማርከር ላያቸው ላይ የገዛችሁበትን ወርና የቡድን ፊደል ጻፉ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ። የ«ሀ» አራቱ አንድ ላይ ይገባሉ፣ አንድ ላይ ይሞላሉ። መብራቱ መደብዘዝ ሲጀምርም እስኪጠፋ አትጠብቁ፤ አውጥታችሁ ሙሏቸው።

ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ቻርጅ ባደርግ ይለምድበታል?

ያ የድሮው የኒኬል ካድሚየም ታሪክ ነው፤ ወሬው ከድንጋዩ በላይ ዕድሜ ኖረ። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድን በፈለጋችሁ ጊዜ ሙሉ። እንዲያውም እስኪሞት መጨረስ ነው የሚጎዳው። ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብሎ የነበረ ድንጋይ መጀመሪያ ላይ ደካማ ከመሰለ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞልታችሁ ተጠቀሙበት፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ቻርጀሩ ድንጋዬን አልቀበል አለ። ሞቷል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። አውቆ የሚሠራ ቻርጀር ቮልቱ በጣም የወረደ ድንጋይ ሲገባበት «ይሄ ድንጋይ አይደለም» ይላል። መጫወቻው ሳይጠፋ አድሮ ሙጥጥ አድርጎት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ቻርጀር ለእንዲህ ያለው ቀስ ብሎ የሚያነቃ ዘዴ አለው። የእናንተው ከሌለው ያንን ማንንም የማይለየውን አሮጌ ቻርጀር አምጡና ለአምስትና ለአሥር ደቂቃ ሰኩት። አጠገቡ ሁኑ። ከዚያ ወደ ጥሩው ቻርጀር መልሱት። ተቀብሎ ከሞላው ዕድለኛ ናችሁ። በማግስቱ ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት ግን አትድከሙ። ይህ ሁሉ ለኒኬል ብቻ ነው፤ ሊቲየም ላይ አትሞክሩት።

ትልልቆቹ ሲ እና ዲ ድንጋዮችስ? ባለ 9 ቮልቱስ?

ዲ ላይ ማጭበርበር ብዙ ነው። ቁጥሩ 2500 ወይም 3000 የሚል ዲ ካያችሁ ውስጡ ደብል ኤ ወይም እሱን የሚያክል ሴል ነው፤ ቀሪው ባዶ ቆርቆሮ። እውነተኛው ዲ 8000 እና ከዚያ በላይ ይይዛል፤ 150 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ዋጋውም ያስደነግጣል። ብዙ ለማይበላ ዕቃ ደብል ኤን ወደ ዲ ልክ የሚያሰፋ የፕላስቲክ ቀፎ ይሸጣል፤ እሱ ያዋጣል።

ባለ 9 ቮልቱ በእውነቱ 9 አይደለም። ውስጡ ስድስት ወይም ሰባት ትንንሽ ሴሎች ስላሉት 7.2 ወይም 8.4 ቮልት ነው። ባለ 8.4ውን ምረጡ። የሚይዘው ትንሽ ስለሆነ ብዙ አትጠብቁበት።

ተራውን አልካላይን ቻርጅ ማድረግ ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?

ትንሽ ይመለሳል፣ እውነት ነው። ግን ለዚያ አልተሠራም። ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፣ ይፈሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ለማትረፍ ብላችሁ ዕቃ አታቃጥሉ።

ድንጋይ ፈሶ ዕቃዬን ነጭ ነገር አለበሰው። ምን ላድርግ?

ከአልካላይን የወጣ ከሆነ ቆዳ የሚያቃጥል ፈሳሽ ነው፤ ጓንት አድርጉ። ድንጋዩን አውጡ። የጥጥ ዘንግ ሆምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ አስነክታችሁ ነጩን ነገር ጥረጉት፤ አረፋ ካወጣ እየሠራ ነው። ከዚያ በአልኮል ጠርጋችሁ በደንብ አድርቁት። ሽቦው ወይም ስፕሪንጉ ተበልቶ ካልተበጠሰ ዕቃው ይነሳል።

የት ላስቀምጣቸው?

ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ቦታ፣ በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ። ፍሪጅ አያስፈልግም። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አትያዟቸው። ብረቱ ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ ድንጋዩ ያለውን ሁሉ በአንዴ ይለቅና ኪሳችሁን ያቃጥላል፤ ቀልድ አይደለም። ዓመት ሙሉ ያልነካችኋቸው ካሉ አንዴ ሙሏቸው።

ለመጀመር ስንት ልግዛ?

ሁልጊዜ የምትጠቀሙባቸውን ዕቃዎች ቁጠሩ። እነሱ የሚወስዱት ላይ አንድ ትርፍ ቡድን ጨምሩ፤ ዕቃው ውስጥ ያለው ሲያልቅ የሞላው ዝግጁ እንዲሆን። ለብዙ ቤት ስምንት ደብል ኤ፣ አራት ትሪፕል ኤና ባለ አራት ማስገቢያ አንድ ቻርጀር በቂ ጅማሮ ነው። ገንዘብ ካጠረ ከድንጋዩ ቁጥር ቀንሱ፣ ከቻርጀሩ ጥራት አትቀንሱ። ድንጋይ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ መጥፎ ቻርጀር ግን ያሉትንም ይጨርሳቸዋል።

የሞተውን የት ልጣለው?

ከቤት ቆሻሻ ጋር አትቀላቅሉት። ባትሪ የሚሰበስብ ቦታ ካለ እዚያ ውሰዱት፤ ኒኬሉ ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል። በተለይ ከአሮጌ መጫወቻ ወይም ከአሮጌ የሶላር መብራት የወጣ ኒኬል ካድሚየም ከሆነ መሬት ላይ አይጣል። ሊቲየም ያላቸውን ከማስቀመጣችሁ በፊት ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር ሸፍኑ፤ እርስ በርስ ሲነካኩ እሳት ሊነሳ ይችላል። እስክትወስዷቸው ድረስም ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይሁኑ።